አሬራ የሌለባት ዳቦ

ባለፈው ዓርብ ከሰዓት በኋላ የልጅ ልጄ ሜሮን ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ ደቀነችብኝ። «እማዬ፣ እስቲ ይሄን እዪልኝ። የአየርላንዶች ዳቦ ነው። እርሾ የለው፣ ማሸት የለው፣ በአንድ ሰዓት ይደርሳል!» መነጽሬን ፈልጌ እስካደርግ ድረስ አንዲት ቀላ ያለች ሴት ዱቄቷን ሳህን ላይ ደፍታ፣ ጨው ነስንሳ፣ በትንሽዬ ማንኪያ ሶዳ ጨምራ፣ ከጠርሙስ ነጭ ነገር ልታፈስበት ስትል ደረስኩ። ሜሮን እዚያው ላይ አቆመቻትና «ይሄ ነው ያስቸገረኝ። ባተርሚልክ ይሉታል። ከወሰን እስከ መገናኛ ያለውን ሱፐርማርኬት ሁሉ አዳረስኩ፣ የለም» አለች። መጀመሪያ ሳቅኩ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። «አሬራ ነዋ፣ አንቺ ልጅ! ቅቤው ከወጣ በኋላ መናጫው ውስጥ የሚቀረው! ስሙን በእንግሊዝኛ ስለጻፉልሽ ጠፋሽ?» አልኳት። «ደግሞስ ዛሬ ምን ቀን ነው? ጾመኛዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ስላት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ውይ! ዓርብ ነው ለካ!» «አይዞሽ፣ እኔም አንድ ረቡዕ ረስቼው ነበር። የእኔን ግን አሥራ አምስት ሰውና አንድ ቄስ ቆመው አይተውታል» ብያት ብረት ድስቴን ላመጣ ወደ በረንዳ ወጣሁ።

ድስቱን ያየ ሁሉ ይስቅብኛል። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት፣ ክዳኑ ብቻውን ክንድ የሚያዝል ጥቁር ብረት ድስት! ከድሮው ሰፈር ተነሥተን ወደዚህ ስንመጣ ልጆቼ ለቆራሌው ሊሰጡት ተማክረው ጨርሰው ነበር። «እንግዲያው እኔንም ጨምራችሁ ስጡኝ» ብዬ ድስቱ ላይ ቁጭ አልኩበት። ለአነጋገር አይደለም፣ በእውነት ቁጭ አልኩበት፤ አይሱዙው ዕቃ ጭኖ እስኪጨርስ ድረስ አልተነሣሁም። በመጨረሻ ትልቁ ልጄ «እሺ እማዬ፣ ተሸነፍን፣ ተነሽና እንጫነው» አለኝ። ያኔ ምክንያቱን ብነግራቸው ይሄ ሁሉ ባልመጣ ነበር፤ ግን ሰው ሲቸኩል ታሪክ አይነገረውም። ለሜሮን የነገርኳት ባለፈው ዓርብ ነው፤ ለእናንተም ከሥሩ ጀምሬ ላውጋችሁ።

ያኔ ወሰን ዛሬ የምታዩት ወሰን አልነበረም። ጋራዥ የለ፣ ፎቅ የለ። ከመንገዱ ወዲህ ጥቂት የቆርቆሮ ቤት፣ ከመንገዱ ወዲያ ገብስና ባቄላ፣ ከዚያ በላይ እስከ እንጦጦ አናት ድረስ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው። ጠዋት ቅጠል ተሸካሚዎቹ ሴቶች ጎብጠው ሲወርዱ ሰፈሩ በሙሉ ባሕር ዛፍ ባሕር ዛፍ ይሸት ነበር። የትኛው ዓመት ነው ብላችሁ አታስጨንቁኝ፤ ካኪ ለባሽ የበዛበት፣ ሬዲዮኑ ከዜናው የሰልፍ ዘፈኑ የሚበልጥበት ዘመን ነው፤ የገባው ገብቶታል። እኔ የማስታውሰው ሌላ ሌላውን ነው። ባለ አሥር ሳንቲሟን ዳቦና ሰልፏን አስታውሳለሁ፤ ሌሊት ብርድ ላይ ከመቆም ድንጋይ አስቀምጠን እንሄድ ነበር፣ ድንጋያችን ተራ ይይዝልናል፣ የሰውን ድንጋይ ያነሣ ደግሞ ወዮለት! በሃያ አምስት ሳንቲም መገናኛ የምታደርሰውን ሰይቼንቶ ታክሲ አስታውሳለሁ፤ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ። ቢጫ አበባ የነበረበትን ቴትሮን ቀሚሴን፣ ዝናብ ሲመታው የሚያንጫጫውን የላስቲክ ጫማዬን አስታውሳለሁ። አፍሮዬን ካበጠርኩ በኋላ በበር ለመግባት ጎንበስ ማለት ነበረብኝ ብል ትንሽ አጋነንኩ፤ ግን ትንሽ ነው ያጋነንኩት። ዛሬ ሜሮን ፎቶዬን አይታ «እማዬ፣ አራዳ ነበርሽ እኮ!» ትላለች። ነበርኩ፤ ማን ሊክደኝ ነው?

የምሠራው ሲስተር ሞሪን ቤት ነበር፤ ወጥ ቤት። ሲስተር ሞሪን ከአየርላንድ የመጣች ነርስ ናት፤ እንጦጦ ግርጌ አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ነበረች፣ እዚያ ነው የምትውለው። እሜቴ ስላት አልወደደችም፤ «አንቺ በዪኝ» ብላ ለምና አስለመደችኝ። የሰፈሩ ሰው ታዲያ ነጭ ሁሉ አንድ ነውና «እንግሊዟ» ይላታል። ያን ጊዜ የምትሆነውን ብታዩ! ፊቷ በርበሬ ይመስልና «እንግሊዝ አይደለሁም! አየርላንድ! አየርላንድ!» እያለች መንገድ ለመንገድ ታስተምራለች። ልጆቹ ይህን ካወቁ በኋላ ሆን ብለው ይጠሯት ጀመር።

አንድ ክረምት ዳቦው ከሱቅ ጠፋ፤ የእሷም የጋዝ ሲሊንደር ባዶ ከሆነ ወር አለፈው። አንድ ቀን ከሥራ መጥታ ዱቄት አወጣችና የማይሠራውን ኦቨን ከፍታ ፊት ለፊቱ ቆመች። የአገሯን ዳቦ አምሯታል። «ለዚህ ነው እንዴ የምታዝኚው? ብረት ድስት አለ አይደል?» አልኳት። እኛ ድፎ ስንጋግር እንደምናደርገው ከታች ከሰል አነጠፍኩ፣ ድስቱን ጣድኩ፣ ከደንኩት፣ ክዳኑም ላይ ፍም ደረደርኩበት። ዞር ስል ሲስተር ሞሪን ታለቅሳለች። ለካስ በገጠር ያሳደገቻት አያቷ የምትጋግረው ልክ እንዲሁ ነው፤ በብረት ድስት፣ ክዳኑ ላይ እሳት አድርጋ። እዚያ አገር ደግሞ የሚያነዱት አፈር ነው አለችኝ፤ ከመሬት ቆርጠው አድርቀው። አፈር ይነዳል እንዴ? እስከ ዛሬ ድረስ አላመንኳትም። ዳቦውን ግን አየሁት፣ ያየሁትን አምናለሁ።

አሠራሩ ለእኛ ለሴቶቹ የሚያስነውር ነበር። እኔ እናቴ ያሳደገችኝ ዳቦ በክንድ ነው ብላ ነው፤ ሊጥ የሚታሸው ላብ እስኪወርድ ነው። እጄን አስገብቼ ማሸት ስጀምር ሲስተር ሞሪን እጄን ቸብ አደረገችኝ። «አታሺው! ተይው! ቶሎ ቶሎ!» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሶዳው ጎምዛዛ ነገር ካላገኘ አይነሣም፤ ካገኘ ደግሞ አይጠብቅሽም። አሬራው እንደነካው መንተክተክ ይጀምራልና፣ ቶሎ ሰብሰብ አድርጎ ድስት ውስጥ ማስገባት ነው። በመጨረሻ ቢላ አንሥታ አናቱ ላይ መስቀል ሠራችበት፣ ዳር እስከ ዳር፣ ጠለቅ አድርጋ። «ለበረከት ነው?» አልኳት። «ለበረከትም ነው፤ ደግሞ...» ብላ ቃሉን ስትፈልግ ቆየችና፣ በአገሯ ሊጥ ውስጥ የሚደበቁ ትንንሽ መናፍስት አሉ፣ በዚያ ቀዳዳ እንዲወጡ ነው ብላ አስረዳችኝ። «ዛር ናቸዋ!» አልኳት። የነጭ ዛር ዳቦ ውስጥ እንደሚያድር ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ክረምቱ እንዳለፈ ተሾመን አገባሁ። ተሾመ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአሰብ መስመር የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ አንዴ ከወጣ ሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ወር የማይታይ። የገባሁት ታዲያ እናቱ ቤት ነው። እናቱ እትዬ ወርቅነሽ፣ ከጥንት ጀምሮ እንጦጦ ላይ የኖረ፣ ቄስና ደብተራ የማይጠፋበት ቤተሰብ ልጅ ናቸው። እኔ ደግሞ እናት አባት የሞተብኝ የፈረንጅ ወጥ ቤት ነኝ። ለጎረቤት ሁሉ ምን ይሉ እንደነበር ልንገራችሁ፦ «ምን ላድርግ፣ ልጄ ሹፌር ነው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ይጭናል።» ይህንን በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሰምቼም ዝም ብያለሁ፤ በዚያን ጊዜ ዝም ማለት እችል ነበር። መጀመሪያ ያነሣሁላችሁ፣ በረንዳዬ ላይ ያለው ድስት የእሳቸው ነው። ከእናታቸው ወርሰውት የማኅበር ዳቦ ካልሆነ ሌላ አይጋገርበትም። «ይሄ ድስት ከተሠራ ጀምሮ ወተት ነክቶት አያውቅም» ይላሉ፤ ሌላው ሰው ስለ ልጁ እንደሚናገረው። እኔ አቧራውን ልወልውል እንኳ ብጠጋ «ተይው፣ እኔ አለሁለት» ነው መልሳቸው።

እትዬ ወርቅነሽ የሚካኤል ማኅበር ነበራቸው። በየወሩ በአሥራ ሁለት፣ በየተራ አንዱ ቤት ይሰበሰባሉ፤ ቄሱ ዳቦውን ባርከው ይቆርሳሉ፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ይመረቃል። የእሳቸው ተራ ሐምሌ ላይ ዋለ፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ። የዚያን ክረምት ቁርጥማቱ እጃቸውን ይዟቸው ሊጥ ማሸት ቀርቶ መሐረብ መቋጠር አልቻሉም። ማክሰኞ ዕለት ጠሩኝ። «ትርንጎ፣ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ዳቦውን አንቺ ትጋግሪያለሽ» አሉኝ። ልቤ በደስታ ዘለለ። ቀጠሉ፦ «በዚህ ቤት የማኅበር ዳቦ ተበላሽቶ አያውቅም። ነገ ሰው ፊት ብታዋርጂኝ፣ ተሾመ ከአሰብ ሲመለስ ሻንጣሽን በር ላይ ነው የሚያገኘው።» ተሾመ ደግሞ እናቱን እምቢ ብሎ የማያውቅ ልጅ ነው። ስለዚህ ነገሩ የዳቦ ብቻ አልነበረም፤ ትዳሬ ነበር እዚያ ድስት ውስጥ የገባው።

ማክሰኞ ማታ አቡክቼ፣ ጋቢ ደርቤበት አደርኩ። ረቡዕ ጠዋት ስገልጠው ሊጡ እንደ ተኛ ነው። ምንም! ጣቴን ብጭንበት ጣቴ የነካው ጎድጓዳ እዚያው ቀረ። የእንጦጦን የሐምሌ ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ሊጡ በርዶት ነው። እትዬ ወርቅነሽ ገና በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደዋል፤ ከቅዳሴ የሚወጡት በዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ከማኅበርተኞቹ ጋር። ቂጣ ልጋግር? ለማኅበር ቂጣ! ተቀምጬ ላለቅስ ስል የሲስተር ሞሪን ቆርቆሮ ትዝ አለኝ። ሳገባ ከሰጠችኝ ስጦታ አንዱ አንድ ቆርቆሮ ሶዳ ነበር፤ «ቸገረኝ ስትዪ ክፈቺው» ብላኝ። ብድግ አልኩ። የቀረውን ዱቄት ነፋሁ፣ አጥር ጋ ሄጄ «ከድጃ! አሬራ አለሽ?» ብዬ ተጣራሁ። ከድጃ የባለ ሱቁ ሚስት ናት፤ እኩያዬ፣ የሦስት ልጆች እናት፣ አንዲት ላም ያለቻት፤ እስላምና ክርስቲያን ሆነን የአንድ እናት ልጆች ነበር የምንመስለው። በአጥሩ ላይ አንድ ትልቅ ጆግ አሬራ አቀበለችኝ። እጄ የለመደውን ሠራ፤ ዱቄት፣ ጨው፣ ሶዳ፣ አሬራ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ሳይታሽ፣ መስቀል፣ ድስት። ረቡዕ የሚባል ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ አልነበረም። ፈረንጅ ቤት ረቡዕም አሬራ ነው፣ ዓርብም አሬራ ነው፤ ደግሞ ከተፈጠርን ጀምሮ ዳቦ የጾም ምግብ እንጂ ፍስክ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል?

ክዳኑን ስከፍተው ያየሁትን ልናገር አልችልም። ተነሥቷል፣ ቀልቷል፣ መስቀሉ አራት ቦታ ፈንድቶ እንደ አበባ ተከፍቷል። ሽታው ግቢውን ሞላው። በዘጠኝ ሰዓት ማኅበርተኞቹ ነጠላቸውን አጣፍተው ገቡ፤ ከእትዬ ወርቅነሽ ጋር አሥራ አምስት ነበሩ፤ የንስሐ አባታቸው አባ ኃይሌ ከፊት ናቸው። ሁሉም ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሱም። አባ ኃይሌ ዳቦውን ሲያዩ ቆም አሉ። «ወርቅነሽ፣ ይሄ ምንድን ነው? መስቀል ተሠርቶበት የሚወጣ ዳቦ አይቼ አላውቅም!» አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። እትዬ ወርቅነሽም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በሰው ፊት ወደ እኔ በአገጫቸው ጠቁመው «የልጄ ሚስት ናት የጋገረችው» አሉ። ያቺን ቃል ለማግኘት ስንት ወር ጠብቄያለሁ! ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ።

ሁሉም ተነሥቶ ቆመ፤ አባ ኃይሌ መስቀላቸውን ይዘው መጸለይ ጀመሩ። ቢላው በቀኝ እጃቸው ነው። ጸሎቱን ሲጨርሱ «ይህንን የጾም ማዕድ...» ሲሉ ሰማሁ። የጾም። ረቡዕ! ጆጉ! አሬራው! ዝም ብል ማንም አያውቅም፤ ይበላሉ፣ ይመርቁኛል፣ እትዬ ወርቅነሽ ይኮራሉ፣ እኔም በትዳሬ እኖራለሁ። ያወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። ግን ያ ሁሉ ሽማግሌ፣ ያ ሁሉ ባልቴት፣ ከትናንት ጀምሮ አፉን አስሮ የመጣ፣ በእኔ እጅ ጾሙን ሲገድፍ እንዴት ብዬ ቆሜ አያለሁ? አፌ ከእኔ ቀደመ። «አባ ይቆዩ! እንዳይቆርሱት! አሬራ አለበት!»

አንዲት ሴት «በስመ አብ!» አለች። እትዬ ወርቅነሽ ነጠላቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት። አባ ኃይሌ ቢላውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። «ማን አስገደደሽ እንድትናገሪ?» አሉኝ። «ማንም።» «ዝም ብለሽ ብታበዪን ኃጢአቱ የማን ነበር?» «የእኔ፣ አባ።» «እንግዲያው ምንም አልሆነም። ዳቦውን ለሚበላው ስጡ፤ እኛም እንቀመጥ» ብለው ተቀመጡ። እሳቸው እንዲህ አሉ እንጂ እትዬ ወርቅነሽ ተከትለውኝ ማድ ቤት ገቡ። «ድስቴን! የእናቴን ድስት! ሻንጣሽን አዘጋጂ» አሉኝ። ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም፣ ቀና ብዬ «አዘጋጃለሁ። መጀመሪያ ግን ዳቦ እጋግራለሁ» አልኳቸው። አሥራ አምስት ሰው ጾሙን ውሎ ያለ ዳቦ አይበተንም፤ ብሄድም የምሄደው ጋግሬ ነው።

ጫጫታውን ሰምታ ከድጃ በጓሮ በር መጣች። ስነግራት ራሷን ያዘች። «ወላሂ ጥፋቱ የእኔ ነው! ረቡዕ ነው ብዬ ማስታወስ ነበረብኝ!» አለች፤ የእሷ ጾም ይመስል። ሮጣ ሄዳ የራሷን ዱቄት ከነከረጢቱ አመጣችልኝ፤ በቀበሌ ካርድ የወሰደችውን የወሩን ሁሉ። እኔም የመጀመሪያውን ዳቦ አንሥቼ ለልጆቿ ሰጠኋት። ድስቱን በአመድና በፈላ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። አሁን የቀረው ጎምዛዛ ነገር ነው። ሎሚ በክረምት ከየት ይመጣል? ማድ ቤቱን በዓይኔ ስዞር ለነገ እንጀራ የተቦካው የጤፍ ሊጥ ላይ ዓይኔ አረፈ፤ ከላይ ያ ቢጫ ውሃው ጠልሎ ተቀምጧል። ጣቴን ነክሬ ብቀምሰው ፊቴ ተጨማደደ። ጎምዛዛ! በብርጭቆ ቀድቼ ቁንጥር ሶዳ ጣል ባደርግበት አረፋው ገንፍሎ እጄ ላይ ፈሰሰ። «እልልልል!» አለች ከድጃ፣ እኔ አፏን ሳልይዛት በፊት።

ለሁለተኛ ጊዜ ዱቄት፣ ጨው፣ ሶዳ፤ በአሬራው ፋንታ የጤፉ ውሃ። ቶሎ ቶሎ፣ ሳይታሽ፣ መስቀል፣ ድስት። እንዲህ ያለ ዳቦ ከዚያ በፊት ማንም አልጋገረም፤ ይሆን አይሆን እኔም አላውቅም። በሳሎን አባ ኃይሌ ሰዉን በጨዋታ ይዘውታል። በአጥሩ ማዶ ደግሞ የከድጃ ልጆች የመጀመሪያውን ዳቦ እየተሻሙ ሲጮሁ ይሰማል፤ አንድ ሽማግሌ «እነዚህ ልጆች ምን ያሉ ዕድለኞች ናቸው!» ሲሉ ሰማሁ። እትዬ ወርቅነሽ በማድ ቤቱ በር ላይ ቆመው ያዩኛል። ብዙ ከቆዩ በኋላ ወደ ምድጃው መጡ፤ በዚያ በማይታዘዝ እጃቸው መቆንጠጫውን አንሥተው አንድ ፍም ከክዳኑ ጠርዝ ላይ አስቀመጡ። «በዚህ በኩል እሳቱ አንሷል» አሉ።

ከሰዓት በላይ ፈጅቶ ወጣ። እንደ መጀመሪያው አልቀላም፤ ጠቆር ብሏል፣ ግን ተነሥቷል፣ መስቀሉም ተከፍቷል። አባ ኃይሌ ባርከው ቆረሱና ቀመሱ፣ አላመጡ፣ አሁንም አላመጡ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን። «ማን አስተማረሽ?» አሉኝ። «አንዲት የአየርላንድ ሴት።» «እነሱም መስቀል ያደርጉበታል?» «አዎ አባ፣ ለበረከት» አልኩ። የዛሩን ነገር አላነሣሁም። «ባለ አሬራውን አልቀመስኩትም፣ ከዚህ ይበልጣል ብዬ ግን አላምንም» ብለው ሁለተኛ ቁራሽ አነሡ። ከዚያ በኋላ ያ ቤት ገበያ ሆነ፤ ሁሉም ይበላል፣ ሁሉም ይጠይቀኛል። አንዲት ነገረኛ ባልቴት «ወርቅነሽ፣ ልጅሽ መንገድ ላይ የጫናት ይቺን ነው እንዴ?» ብትላቸው ሰዉ ሁሉ ሳቀ። እትዬ ወርቅነሽ ግን አልሳቁም፤ ሳህኑን ከፊቷ አንሥተው ለሌላው አዞሩት።

ሲስተር ሞሪንንም ልንገራችሁ። ዓርብ ዕለት ቁራሽ ወሰድኩላት። ቀመሰችውና ጣሪያ ጣሪያውን አየች። «አሬራው የት ሄደ?» አለችኝ። የጤፉን ውሃ ሳሳያት ደብተሯን አውጥታ ጻፈች፤ እኔ እየተናገርኩ እሷ እየጻፈች! «አያቴ ይህን አታውቅም ነበር» አለችኝ። ወደ አገሯ ከተመለሰች በኋላ ደብዳቤ ላከች፤ ለእናቷ በሎሚ አድርጋ እንደጋገረችላት፣ ስሙንም «የትርንጎ ዳቦ» እንዳለችው ጽፋለች። እንግዲህ አየርላንድ ውስጥ ቢያንስ አንድ ቤት ስሜ ይበላል ማለት ነው። ሜሮን ይህን ስነግራት «እማዬ፣ ይሄ እኮ ቫይራል ነው!» አለችኝ። ምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ሙገሳ መሆኑን ግን ከፊቷ አውቄያለሁ።

የዚያን ረቡዕ ነገር ግን ገና አልጨረስኩም። ማኅበርተኞቹ መርቀውኝ ወጡ። እኔም ወደ ክፍሌ ገብቼ ሻንጣዬን ከአልጋው ሥር ጎተትኩት። አዘጋጃለሁ ብያለኋ! ቢምሩኝ ራሳቸው ይናገሩ፤ እኔ ቃሌን ውጬ አልለማመጥም። ዓይኔ እንባ አቅርሮ፣ ባለ ቢጫ አበባውን ቀሚሴን አጥፌ ስከት በሩ በትከሻ ተገፋ። እትዬ ወርቅነሽ ናቸው፤ ያንን ድስት በሁለት እጃቸው ታቅፈው። ታጥቧል፤ ራሳቸው ናቸው ያጠቡት፣ እጃቸው ገና እርጥብ ነው። እያቃሰቱ ከሻንጣዬ አጠገብ አስቀመጡትና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ወተት ስለነካው አብሬው ልባረር ነው አልኩ በልቤ።

«ያ ዳቦ...» አሉ ወደ ግድግዳው እያዩ። «የከድጃ ልጆች የበሉት።»

«አቤት?»

«ከቅዳሴ ስመለስ ሽታው ገና መንገድ ላይ ነው የተቀበለኝ። ሲጮሁ ሰማሻቸው አይደል?»

«ሰማሁ።»

«ነገ ሐሙስ ነው።»

«አዎ፣ ሐሙስ ነው።»

«ጋግሪልኝ። ባለ አሬራዋን።»

ጆሮዬን አላመንኩትም። «በየትኛው ድስት?» አልኳቸው።

«በዚሁ ነዋ!» አሉኝ ቆጣ ብለው፣ እየተነሡ። «ድስቱ ያንቺ ነው፤ የፈለግሽውን አድርጊበት።» ከዚያ ሻንጣዬን በእግራቸው ገፋ አድርገው ወደ አልጋው ሥር መለሱት።